ጥርሳቸውን የሚጠይቁት ሴት

የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ደንብ አለው። ስልክ ይጮኻል፤ ጸሐፊው የያዘውን ብርጭቆ ያስቀምጣል፤ መርዶ ይሰማል፤ ከዚያ በሕይወት ሳለ ዞር ብሎ የሚያየው ያልነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ታላቅ ሰው ሆኖ ይነሣል። ይህን ደንብ ማክበር አልችልም። አዴ ሰዓዳ አልሞቱም። ቦርደዴ ገብተዋል። ልጃቸው እዚያ ሱቅ ከፈተች፣ ወለደች፣ እናቷን ወሰደች፤ ነገሩ ይኸው ነው። ጭሮ ላይ በምንኖርበት ግቢ እሳቸው የነበሩበትን ክፍል ሞባይል የሚጠግን ጎልማሳ ተከራይቶታል። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ጠዋት ጠዋት ድምፅ የለውም። ግቢው ከነጋ በኋላም ያልነጋ ይመስላል።

ደግሞስ ሰውን ለማመስገን መሞቱን መጠበቅ ምን የሚሉት ጨዋነት ነው? ይህን ጥያቄ እኔ አልፈጠርኩትም፤ የአዴ ሰዓዳ ነው። “አዴ” በእኛ በኩል ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። አጠር፣ ሰፋ ያሉ፣ አንዱን ሻሽ በሌላው ላይ የሚደርቡ፣ ጫት ተራ ከጃንጥላቸው ሥር ተቀምጠው ዕድሜያቸውን የገፉ ነጋዴ ናቸው። በኦሮምኛ ሲያወሩ ለትልቅ ሰው ክብር መስጠት ያውቁበታል። አማርኛ ላይ ሲደርሱ ግን ለዚያ ጊዜ የላቸውም፤ ሼኩም፣ ቄሱም፣ ሐኪሙም “አንተ” ነው። እኔን “አንተ መምህር” ይሉኛል። ቆንጆ ጥርስ ነበራቸው ብል እዋሻለሁ። ትልልቅ፣ ከፊት ፍንጭት፣ በስንት ዘመን ጫት የቡና ቀለም የያዘ ጥርስ ነው። እኔ ግን እንደዚያ የተከበረ ጥርስ አይቼ አላውቅም።

ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። በፍቅር የሚሞት፣ በሳንባ የሚሞት፣ በጦር ሜዳ የሚሞት ጀግና ሞልቷል። ምንም ሳያመው ጥርሱን ሊያሳይ ሐኪም ቤት የሄደ ጀግና ግን አንድም ገጽ ላይ አልገጠመኝም። ደራሲዎች እንደ ቀረው ሕዝብ ናቸው፤ አካል መኖሩን የሚያስታውሱት ሲበላሽ ነው።

አዴ ሰዓዳ ስኳር እንዳለባቸው የታወቀው ውኃ አልበቃ ብሏቸው ነው። ጃንጥላቸው ሥር የተቀመጠችው ጀሪካን ከሰዓት ሳይደርስ ባዶ ትሆናለች። አጠገባቸው የሚሸጡት ሴቶች “ሰዓዳ ግመል ሆነች” እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ሆስፒታል ሄዱ፣ ተመረመሩ፣ ተነገራቸው፣ እንክብል ተሰጣቸው፣ ተመለሱ።

ከዚያ ጥየቃው መጣ። ጭሮን የማያውቅ ሰው የጥየቃን ኃይል አያውቅም። መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም በአንድነት የሚያምንበት ነገር ቢኖር የታመመን መጠየቅ ነው። ባዶ እጅ ደግሞ አይኬድም። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ ለታመመ ሰው የሚወሰደውን ነገር ይዞ መጣ፤ ስኳር። በፌስታል የታሰረ ስኳር፣ በጥቁር ላስቲክ የተጠቀለለ ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥ ጨምረው ያመጡም ነበሩ። እኔ ብስኩት ይዤ ስገባ ፌስታሎቹ በአልጋው እግር ሥር ተደርድረው እንደ ትንሽ ኮረብታ ሆነዋል።

“ሐኪሞቹ ምን አሉዎት?” አለች ከኋላዬ የገባች ጎረቤት።

“ስኳር አለብሽ አሉኝ።”

“ውይ! አላህ ያሽርዎት!” ብላ ከልቧ አዘነችና ፌስታሏን ኮረብታው ላይ ጨመረች።

አዴ ሰዓዳ ኮረብታውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ የኔን ብስኩት አዩ። “አቦ! ልትጠይቁኝ ነው የመጣችሁ ልትጨርሱኝ?”

ሁላችንም ሳቅን። ፌስታሉን መልሶ የወሰደ ግን አልነበረም፤ ለጥየቃ የመጣ ነገር አይመለስም። አዴ ሰዓዳ ያን ስኳር ወራት ሙሉ የወለደችን ሲጠይቁ፣ ያዘነን ሲያጽናኑ እያደሉ ጨረሱት። የኔን ብስኩት ለኔው ለራሴ ጉንፋን በያዘኝ ጊዜ አመጡልኝ።

ያን ቀን ሰው ከሄደ በኋላ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የነገሩኝን ነው የማልረሳው። ታላቅ ወንድም ነበራቸው፤ አሊዪ ይባላል፤ ሚኤሶ ነበር የሚኖረው። ግመል የሚጭን፣ የሚያወርድ፣ አንገቱ እንደ በሬ የሆነ ሰው። ውኃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ማንም ግን ልብ አላለም፤ ሚኤሶ በረሃ ነው፣ ማን ውኃ የማይጠጣ አለ? አንድ ጊዜ ጥርሱን አመመው። ገበያ ላይ ጉጠት ይዞ የሚነቅል ሰው ነበረ፤ ነቀለለት። ቁስሉ አልሽር አለ። ፊቱ አበጠ፣ እብጠቱ ወደ አንገቱ ወረደ፣ ሆስፒታል ሲያደርሱት ረፍዷል። ስኳር እንደ ነበረበት ያወቁት እዚያ ነው፤ እሱ ሳያውቀው ሞተ።

ከዚያ ወዲህ በቤተሰቡ አንድ ሕግ ጸና። ስኳር ያለበት ሰው ጥርስ ሐኪም ደጃፍ አይደርስም፤ ከተነካ ይሞታል። ይህ ሕግ የነሱ ብቻ አይደለም፤ ከሂርና እስከ አሰቦት ብትሄዱ ትሰሙታላችሁ። እኔ እንደ ልማዴ ልቃወም ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አጉል እምነት ነው ልላቸው ነበር።

“ዱጋ ነው” አሉ ሳልጀምር። እውነት ነው ማለታቸው ነው። “አሊዪን በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ እኔ ምን አደርጋለሁ? የሚነቀል ጥርስ እንዳይኖረኝ አደርጋለሁ።”

ከአንድ ፍርሃት አገር ሁሉ “ስለዚህ ሐኪም ጋ አትሂድ” የሚል መደምደሚያ ሲያወጣ፣ እሳቸው ከዚያው ፍርሃት “ስለዚህ ቶሎ ሂድ” የሚል አወጡ። እኔ መምህር ነኝ፤ ሰው ያለውን በመቃወም እንጀራዬን የምበላ። ሳይቃወሙ መቃወም እንደሚቻል ግን አላውቅም ነበር።

በወሩ ለክትትል ሲሄዱ ነርሷ ለተሰለፈው ሁሉ “ድዳችሁን ተመልከቱ፤ ጥርሳችሁን አሳዩ” አለች። ሁሉም እሺ አለ፤ ማንም አልሄደም። አዴ ሰዓዳ ግን ድዳቸው በመፋቂያ ሲነካ እንደሚደማ ትዝ አላቸው፤ ከጎን ያለ አንድ ጥርስም ይነቃነቅ ነበር። በማግሥቱ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሙዝ በፌስታል ይዘው በሬን አንኳኩ።

“አንተ መምህር፣ ጥርሴን ልጠይቅ ነው። ለጥየቃ ብቻን አይኬድም፤ ተነሥ።”

“ሙዙ ለማን ነው?”

“ባዶ እጅ እገባለሁ?”

ጥርስ ክሊኒኩ ዋናው መንገድ ላይ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ያለች ሁለት ክፍል ናት። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ጉንጩን ይዟል። አዴ ሰዓዳ እያንዳንዱን “አላህ ያሽርህ፣ አላህ ያሽርሽ” እያሉ አልፈው ተቀመጡ፤ ለበዓል የመጡ እንጂ ታማሚ አይመስሉም። ተራቸው ደርሶ ስንገባ ሐኪሙ ጓንቱን እያጠለቀ ነበር።

“የቱ ነው እማማ?” አላቸው።

“የቱ ምኑ?”

“የሚነቀለው።”

“የሚነቀል የለም።”

“የሚያምዎትስ?”

“የለም።”

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ። “ታዲያ ለምን መጡ?”

“ልጠይቃቸው” አሉ አዴ ሰዓዳ ወንበሩ ላይ እየወጡ። “ዘመድ የሚጠየቀው ሊሞት ሲል ብቻ ነው? ስኳር አለብኝ። ደህና መሆናቸውን እይልኝ።”

ያ ሐኪም ቀኑን ሙሉ ሲነቅል የሚውል፣ ፊቱ የደከመ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ታካሚ ያን ቀን የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መብራቱን ሲያበራ ግን አዴ ሰዓዳ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

“ቁርስ በልተዋል?”

“ለምርመራ በልቶ ይመጣል እንዴ? እንክብሌን ውጬ በባዶ ሆዴ ነው የመጣሁ።”

ለደም ምርመራ አትብሉ ስለተባለ ለሐኪም ሁሉ አይበላም ብለው ነበር። ሐኪሙ ጣታቸውን ወግቶ ለካ፤ ስኳራቸው በጣም ወርዷል። ዙሪያውን ሲያይ ያገኘው የራሳቸውን ፌስታል ነው። እንደዚያ ሆኖ ለሐኪሙ የመጣው ሙዝ ያመጣውን ሰው አዳነ። ሲረጋጉ እየሳቀ መከራቸው፤ ጥርስ ሊታይ የሚመጣ የስኳር ታማሚ ቁርሱን በልቶ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ወስዶ፣ ስኳር እንዳለበት ገና ከበሩ ተናግሮ ነው የሚገባው።

ከዚያ ድዳቸውን አየ። ቆሽሿል፣ አብጧል። ጥርሱ የሚነቃነቀው ድዱ ስለታመመ እንደ ሆነ ነገራቸው። ድዱ ሲታመም ስኳሩ በመድኃኒትም አልወርድ ይላል፤ ስኳሩ ከፍ ሲል ደግሞ ድዱ አይድንም።

“እንደ ጣውንት ናቸው በለኛ” አሉ አዴ ሰዓዳ አፋቸውን ሳይዘጉ። “አንዷን ብታስቀይማት ሌላዋም አታስተኛህም።”

ሐኪሙ ጥርሳቸውን አጠበላቸው። ለሌላ ቀን ቀጠሯቸው፤ ለሌላም። ወጥተን ደረጃውን ስንወርድ በምላሳቸው ጥርሳቸውን እየዳሰሱ “አሸዋው ሄደ” አሉ፤ ደስ ብሏቸዋል።

ከዚያ በኋላ የግቢያችን ጠዋት ተለወጠ። አዴ ሰዓዳ ከመንጋቱ ቧንቧው አጠገብ ቡርሽና የጥርስ ሳሙና ይዘው ይቆማሉ። እንደ ሌላው ሰው ተደብቀው አይቦርሹም። ይቦርሻሉ፣ ይተፋሉ፣ አረፋ በአፋቸው ሞልቶ ያወራሉ፣ ሰላም ይላሉ፣ ከላይ ቤት ከሚኖሩት ሴት ጋር ስለ ጫት ገበያ ይጨቃጨቃሉ።

“አያፍሩም?” አልኳቸው አንድ ቀን።

“ፊትህን ስትታጠብ ታፍራለህ? ጥርስ ከፊት ውጭ ነው ያለው?”

መፋቂያቸውንም አልጣሉም፤ ገበያ ላይ ቀኑን ሙሉ ከአፋቸው ጎን አትጠፋም። “ቡርሽ እንግዳ ነው፤ መፋቂያ ዘመድ ነው፤ ሁለቱንም አስተናግዳለሁ” ይላሉ። ሻይ ሳይጣፍጥ መጠጣት ለመዱ። መቃም ተዉ፤ የተዉት ግን ሰው እንደሚመስለው ለጽድቅ አይደለም። “ጫት ምሳ ያስረሳል፤ እኔ ምሳ ከረሳሁ እንክብሉ ይደፋኛል” አሉኝ። መሸጡን አልተዉም። ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌዎች ጫቱን በሙቀጫ አስወቅጠው በማንኪያ የሚቅሙበት አገር ነው የኛ አገር፤ ከነሱ ብዙዎቹ የአዴ ሰዓዳ ደንበኞች ናቸው። ጫቱን ሲያስረክቧቸው “ጥርስህን ጠይቀኸው ብትሆን ዛሬ ሙቀጫ አትሸከምም ነበር” ይሏቸዋል። ሽማግሌዎቹ ይቆጣሉ፤ በማግሥቱ ግን ተመልሰው ይመጣሉ፤ ጫታቸው ጥሩ ነውና።

ተአምር አልሆነም። ተአምር የሚፈልግ ሌላ ጽሑፍ ያንብብ። እንዲያው ቀስ በቀስ ድዱ መድማቱን ተወ፤ የሚነቃነቀው ጥርስ ረጋ፤ ስኳሩም መድኃኒቱን መስማት ጀመረ። ነርሷ ምን እንዳደረጉ ብትጠይቃቸው “ጣውንቶቹን አስታረቅኳቸው” አሏት። እሷም ስለ ባላቸው ሌላ ሚስት ልትጠይቅ ብላ ተወችው መሰለኝ።

እኔ ስለ ትዕግሥት የሚጻፈውን ነገር አልወድም። ሕዝባችን ታጋሽ ነው ሲባል ደስ የሚለው ሰው ሕመምን የማያውቅ ሰው ነው። እኛ ትዕግሥት የምንለው አብዛኛው ነገር መሄድ የነበረብንን ቦታ አለመሄድ ነው። ይህን ሐሳብ ለብቻዬ ሳስበው ብልህ ይመስለኝ ነበር። ሚኤሶ ላይ ምን ማለት እንደሆነ አየሁ።

አዴ ሰዓዳ የቀራቸው አንድ ወንድም ነው፤ ታናሻቸው ሙሜ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤቱ ሚኤሶ። እሱም ስኳር አለበት፤ መርፌ ይወጋል፤ ሲያስታውስ። አንድ ቀን ሚስቱ ደወለች። ፊቱ በአንድ በኩል አብጧል፣ ይተኩሰዋል፣ ምግብ አይበላም፣ ሐኪም ጋ እንሂድ ስትለው ይቆጣል። አዴ ሰዓዳ ስልኩን ለሱ እንድትሰጠው አደረጉ። ከደጃፋቸው ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

“ሙሜ፣ ተነሥና ና።”

ድምፁ በስልኩ ጮክ ብሎ ይወጣል፤ ካበጠው ጉንጩ ጀርባ ቃላቱ ይድበሰበሳሉ። “በአፌ ብረት አይገባም። አሊዪን ማን ገደለው?”

“ጉጠት ነው የገደለው። ይኼ ሐኪም ነው።”

“ተይኝ ሰዓዳ። አላህ ያለው ይሆናል።”

አዴ ሰዓዳ ስልኩን ዘጉ። በማግሥቱ ጠዋት ጥቁር ሻሽ ደርበው፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ በክንዳቸው ይዘው ደጃፌ ላይ ቆሙ።

“አንተ መምህር፣ ተነሥ። ለቅሶ አለብን።”

ብድግ አልኩ። “ሙሜ?”

“ሙሜ።”

ጃኬቴን አድርጌ ተከተልኳቸው። ከጭሮ ሚኤሶ ቁልቁለት ነው፤ ብርዱ ከኋላ እየቀረ ሙቀቱ ይቀበላችኋል፤ ማሽላው ያጥራል፣ ግመሉ ይበዛል። ሚኒባሱ ውስጥ “አላህ ያጽናዎት” አልኳቸው፤ “አሚን” አሉ። እንባ የለም። ሐዘን ያደረቃቸው መሰለኝ። ሚኤሶ ወርደን፣ ከመንገዱ ገባ ብለን፣ ወደ አንድ ቆርቆሮ ቤት ስንቃረብ በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ጉንጩ እንደ ብርቱካን አብጧል፤ አገጩ ከሥር በፎጣ ታስሯል። ሟቹ ነበር።

አዴ ሰዓዳ አላዩትም። ማለቴ፣ እንዳላዩት ሆነው አለፉት፤ ከደጃፉ ፊት ምንጣፋቸውን ዘርግተው ሻሻቸውን ወደ ፊት ጎትተው ተቀመጡ። እኔንም በዓይናቸው አስቀመጡኝ። የሚከተለው ሁሉ በኦሮምኛ ነበር የተባለው፤ እኔ በቻልኩት ነው ወደ አማርኛ የማመጣው።

መጀመሪያ የደረሱት ከማዶ ያሉት ጎረቤት ናቸው፤ አሮጊት ሴት፣ ምርኩዛቸውን ጥለው።

“ሰዓዳ! ማን ሞተ?”

“ሙሜ።”

“ኢና ሊላሂ! መቼ?”

“ገና ነው። እየጠበቅን ነው።”

አሮጊቷ ቀና ሲሉ ሙሜን አዩት። ሙሜ አሮጊቷን አየ። ከየቤቱ ሴቶች እየወጡ፣ አንዳንዶቹም ገና ከሩቅ እየጮኹ መጡ፤ ሲደርሱ ሟቹን ያገኙታል፣ ይደነግጣሉ፣ ይቆማሉ። የሚያልፍ የጭነት መኪና ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ “ሙሜ! ማነው የሞተው?” ብሎ ጮኸ።

ሙሜ ወደ እህቱ ዞረ።

“ሰዓዳ፣ ተነሺ! አዋረድሽኝ!”

“የሞተ ሰው አይናገርም” አሉ አዴ ሰዓዳ ለሴቶቹ እንጂ ለሱ ሳይሆን። “ስትሞት ልመጣ አይመቸኝ ይሆናል፤ ሥራ አለብኝ። አሁን ላልቅስልህ።”

አሮጊቷ ተቆጡ። “በሞት አይቀለድም! ሐራም ነው!”

“እኔ መቼ ቀለድኩ?”

ይህን ያሉት በዝግታ ነበር። “እዚሁ ነው የተቀመጥኩት አሊዪን ቀብረን ስንመለስ። እናንተ ሁላችሁ መጣችሁ፤ አላህ ይስጣችሁ። ስኳር አመጣችሁ፣ ቡና አመጣችሁ፣ ከጎኔ አልጠፋችሁም። አንዳችንም ግን፣ እኔም ብሆን፣ ከመሞቱ በፊት ‘ና፣ ይኼ ውኃ የሚያስጠጣህ ምንድነው፣ እንይልህ’ አላልነውም። ከሞት በኋላ ለመምጣት እንዲህ የምንፈጥን ሰዎች፣ አንድ ቀን ቀድመን ብንመጣ ምን ነበር? ዛሬ ቀድሜ መጣሁ። ከወንድሞቼ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።”

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን አንሥተው፣ ጉልበታቸውን እየያዙ፣ ቀስ ብለው ምንጣፉ ላይ ከአዴ ሰዓዳ ጎን ተቀመጡ። ሌላዋ ተከተለች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተቀመጡ። ማንም አላለቀሰ፤ ሁሉም ሙሜን ማየት ጀመሩ። ሰው ለሐኪም፣ ለሚስት፣ ለእህት እምቢ ማለት ይችላል። ለራሱ ለቅሶ ለተቀመጠ ሰፈር ግን ምን ብሎ እምቢ ይላል?

ሙሜ በሩን ተደግፎ “ቢነቅሉኝስ?” አለ። ድምፁ የሹፌር ድምፅ አልነበረም።

“ለክተው ነው የሚነኩህ። ስኳርህን አውርደው። አሊዪን ማንም አልለካውም።”

“ከሞትኩስ?”

“ለቅሶህን ጨርሰናል፤ ሌላ ወጪ የለብህም።”

አንዲት ሴት ሳቀች፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ሙሜም ሊስቅ ብሎ ጉንጩን ያዘ። ሚስቱ ልብሱን ይዛ ወጣች። ያን ቀን ጭሮ ገባን።

የጥርስ ሐኪሙ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ሁለት ቀን ቢዘገዩ ይከፋ ነበር አለ። የስኳር መለኪያው ያወጣውን ቁጥር አይቶ እዚያው ጥርሱን አልነቀለም። ድዱን ከፈት አድርጎ መግሉን አወጣለት፤ መድኃኒት ጽፎ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ላከው፤ እዚያ ተኝቶ ስኳሩ ወረደ፣ ትኩሳቱም ለቀቀው። ከሆስፒታል ሲወጣ ጥርሱ ተነቀለ። ሙሜ ወንበሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ዱዓ ያደርግ ነበር፤ አዴ ሰዓዳ እጁን ይዘውታል። ጥርሱ ሲወጣ የጮኹት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ጉዳዩ ሁሉ ቁስሉ ላይ ነበር፤ የአሊዪ ቁስል ነው ያልደረቀው። ሙሜ እህቱ ክፍል ተኛ። መርፌውን በሰዓቱ የሚወጉት እሳቸው፣ ምሳውን የሚቆጣጠሩት እሳቸው፣ የለመደውን ሲጋራ የነጠቁት እሳቸው። ሙሜ “እስር ቤት ይሻለኝ ነበር” ብሎ ለኔ ያማርራል፤ ሲያዩት ዝም ይላል። አዴ ሰዓዳ ግን በነዚያ ቀኖች ቧንቧው አጠገብ አላወሩም። ቦርሸው፣ ተጉመጥምጠው ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ። ገበያም ሄደው ቶሎ ይመጣሉ። ግቢው እንደሚፈሩ ያውቃል፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

የቀጠሮው ቀን ሦስታችንም ሄድን። ቁርስ ተበልቷል፣ መርፌው ተወግቷል። ሙሜ ወንበሩ ላይ ወጣ። ሐኪሙ መብራቱን አስጠግቶ አየ፤ በትንሿ መስተዋት ዞር አድርጎ አየ፤ በጣቱ ነካ።

“ጥሩ ነው” አለ። “ድዱ ገጥሟል። በደንብ ነው የዳነው።”

“አሳየኝ” አሉ አዴ ሰዓዳ።

ሐኪሙ ቦታ ለቀቀላቸው። አጎንብሰው ወንድማቸው አፍ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ቀና ሲሉ ፊታቸው ተበላሸ፤ ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ። ሚኤሶ ላይ ያን ሁሉ ሴት ምንጣፍ ላይ ያስቀመጡ፣ አንዲት ጠብታ ያላወጡ ሴት እንደ ልጅ አለቀሱ። ውጭ አግዳሚው ላይ የነበሩት ጉንጫቸውን እንደያዙ በበሩ ብቅ አሉ። “ምን ሆኑ? ሰው ሞተ?” አለ አንዱ።

ሙሜ ራሱ ደነገጠ። “ሰዓዳ! ኧረ ድኗል አለ እኮ!”

“ሰማሁ” አሉ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። “አፍህን ክፈት። ደግሜ ልየው።”

ከፈተ።